ካምፐር መኝታ ክፍል ውስጥ የዩኤስቢ ሶኬት ማስገባት፦ መስመሩን ከየት ልሳብ?

ተጓዥ_ኮሎራዶ

ሰላም ለሁላችሁም። 24 ጫማ ርዝመት ያለው ተጎታች ካምፐር ነው ያለኝ። አልጋው ከፊት በኩል ነው፤ ግራና ቀኙ ላይ ጠባብ ቁምሳጥን፣ ከሥሩ ደግሞ ኮመዲኖ አለ። መኝታው ውስጥ ያለው አንድ የ120 ቮልት ሶኬት ብቻ ነው፤ እሱም ካምፑ መብራት ከሌለው ወይ ጄኔሬተር ካልተነሳ አይሠራም። ስለዚህ ከአልጋው በሁለቱም ወገን አንዳንድ የዩኤስቢ ሶኬት በ12 ቮልት ማስገባት እፈልጋለሁ። ስልክና ታብሌት ይሰካበታል፣ አንዳንዴም በዩኤስቢ-ሲ የሚሞላ የ65 ዋት ላፕቶፕ።

ከአልጋው በላይ በሁለቱም በኩል የማንበቢያ መብራት አለ። ከግድግዳው የሚወጡት ሽቦዎች ጥቁርና ነጭ ናቸው። ፊውዝ ቦክሱ ኩሽናው ጋ ነው፤ በሽቦው መንገድ 18 ጫማ ያህል ይርቃል። ባትሪው መጠኑ ግሩፕ 24 የሚባል አንድ ሊድ አሲድ ነው።

ከማንበቢያ መብራቱ መቀጠል ይቻላል ወይስ ከፊውዝ ቦክሱ አዲስ መስመር ልሳብ? ፊውዙስ ስንት ይሁን? ሶኬት ስገዛ ምን ምን ልይ?

ሽቦና_ፊውዝ

ሰላም ወንድሜ። ለስልክና ለታብሌት ከመብራቱ መቀጠል ይበቃል። ላፕቶፑን ግን እዚያ ላይ አትጫን፤ የራሱ መስመር ይኑረው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ 18 ዋት ዩኤስቢ-ኤ እና አንድ 20 ዋት ዩኤስቢ-ሲ ያለው ሶኬት ሁለቱም ቀዳዳ ሲሞላ 38 ዋት ይሰጣል። ሶኬቱ 12 ቮልቱን ሲቀይር የሚባክነውን ስትጨምርበት ከባትሪው የሚስበው 43 ዋት ገደማ ነው፤ በ12 ቮልት 3.6 አምፔር ማለት ነው። ግራና ቀኙ አብረው 7.2 አምፔር ይሆናሉ። ኤልኢዲ መብራቶቹ አንድ አምፔር እንኳ አይሞሉም። የመኝታው ፊውዝ 15 አምፔር ነው ብንል፣ ፊውዝ ለረጅም ሰዓት ከ80 በመቶ በላይ እንዲሸከም አይፈለግም፤ ስለዚህ ያለህ ገደብ 12 አምፔር ነው። እስከዚህ ምንም ችግር የለም። ላፕቶፑ ብቻውን 6.2 አምፔር ስለሚስብ እሱ ሲጨመር ግን ከ13 ታልፋለህ።

ከመቀጠልህ በፊት የመኝታውን ፊውዝ ንቀልና የሚጠፋውን ሁሉ እይ። ብዙ ካምፐር ላይ የመኝታው መብራት፣ የመታጠቢያ ቤቱ መብራትና የጣሪያው ፋን በአንድ ፊውዝ ላይ ናቸው። ፋኑ አብሮ ካለ የእሱንም አምፔር ደምር።

ቀጥሎ የሽቦውን ውፍረት ተመልከት። ከመብራቱ ራሱ የሚወጣው አጭር ሽቦ ቀጭን ነው፤ እሱ ላይ በፍጹም አትቀጥል። መብራቱን ፈትተህ ከግድግዳው የሚመጣውን ሽቦ አግኝ፤ ልባሱ ላይ ጌጁ (የውፍረቱ ቁጥር፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሽቦው ይወፍራል) ተጽፏል። 14 ጌጅ ከሆነ ሁለቱንም ሶኬት ይችላል። 16 ከሆነ አንዱን ብቻ አድርግበት። 18 ከሆነ ተወው፣ ለሁሉም አዲስ መስመር ሳብ።

ይህን አጥብቄ የምለው በቮልቴጅ መውረድ ምክንያት ነው። 18 ጫማ ማለት ፖዘቲቩ ሄዶ ኔጌቲቩ ሲመለስ 36 ጫማ ነው። 7.2 አምፔር በ14 ጌጅ ላይ 0.65 ቮልት፣ በ16 ጌጅ ላይ ከ1 ቮልት በላይ ይጥላል። ሌሊት ባትሪው 12.2 ላይ ሆኖ የማሞቂያው ፋን ሲነሳ ሶኬቱ ጋ የሚደርሰው ወደ 11 ይጠጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፦ የዩኤስቢ ሶኬት እንደ ድሮው አምፖል ቮልቴጅ ሲወርድበት የሚስበው አምፔር አይቀንስም። ስልኩ የጠየቀውን ዋት ለመስጠት ተጨማሪ አምፔር ይስባል፤ ይህ ደግሞ ቮልቴጁን የባሰ ያወርደዋል። ስልኩ መሙላት ጀምሮ የሚያቆም፣ ደግሞ የሚጀምር ከሆነ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሶኬቱ ሳይሆን የሽቦው ወይም የመጋጠሚያው ነው።

ፊውዝን በተመለከተ፣ ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ ስልኩን አይደለም። ከመብራቱ ወደ ሶኬቱ በ16 ጌጅ ባለ ብዙ ክር ሽቦ ውረድ፤ በፖዘቲቩ ላይ፣ ከቀጠልክበት ቦታ ሳትርቅ፣ ለእያንዳንዱ ሶኬት 5 አምፔር የመስመር ፊውዝ አስገባ። ዋናው 15 አምፔር ፊውዝ እንዳለ ይቀመጣል። ፊውዝ ተቃጠለ ብሎ በ20 ወይም በ25 መተካት የሚያመጣው እሳት ነው፤ የካምፐር ግድግዳ ስስ እንጨትና ፎም መሆኑን አትርሳ።

ለላፕቶፑ ከፊውዝ ቦክሱ ትርፍ ቦታ ላይ በ12 ጌጅ የራሱን መስመር ሳብ፣ ፊውዙ 10 አምፔር። 36 ጫማ ላይ የሚወርደው 0.35 ቮልት ብቻ ነው። ኔጌቲቩንም አብረህ ሳብ። መኪና ላይ እንደሚደረገው በአቅራቢያ ያለ ብረት ላይ አስሬ ልተወው አትበል፤ እንጨት ፍሬም ባለው ካምፐር ውስጥ የምታገኘው ብረት ከሻሲው ጋር ላይገናኝ ይችላል።

ሽቦና_ፊውዝ

አንድ ለብቻው መነገር ያለበት ነገር አለ። ጥቁርና ነጭ ብለሃል። አሜሪካ በተሠራ ካምፐር ውስጥ የ12 ቮልቱ ፖዘቲቭ ብዙ ጊዜ ጥቁር፣ ኔጌቲቩ ነጭ ነው። የ120 ቮልቱም ጥቁርና ነጭ ነው። ሁለቱ በአንድ ግድግዳ ውስጥ ጎን ለጎን ያልፋሉ። በቀለም ብቻ የሚተማመን ሰው አንድ ቀን ይያዛል።

በዓይን ለመለየት፦ የ120 ቮልቱ በሰፊ ፕላስቲክ ልባስ ውስጥ ተጠቅልሎ ከባዶ የመሬት ሽቦ ጋር የሚሄድ፣ አንድ ወፍራም ክር ያለው መዳብ ነው። የ12 ቮልቱ ለየብቻ የሚሄድ፣ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ነው። ይህን አይተህም በቴስተር ሳትለካ አትንካ። መጀመሪያ ቴስተሩን ኤሲ ላይ አድርገህ ለካ፤ ምንም እንደሌለ ስታረጋግጥ ወደ ዲሲ ቀይረው። ከ12 እስከ 14 ካነበበ ትክክለኛው መስመር ነው። ቁጥሩ ላይ የመቀነስ ምልክት ከመጣ ቀዩን የያዝከው ኔጌቲቩ ላይ ነው።

ሥራ ስትጀምር የካምፑን ገመድ ንቀል፣ ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ። ባትሪውን ብቻ መፍታት አይበቃም፤ ገመዱ ከተሰካ ኮንቨርተሩ (120 ቮልቱን ወደ 12 የሚቀይረው) ራሱ 13.6 ቮልት ገደማ ወደ መስመሩ ይልካል። ሶላር ካለህ እሱንም አጥፋ።

የእንጨት_እጅ

ስለ ቀዳዳውና ስለ አገጣጠሙ ልጨምር።

ክብ የሆነው የተለመደው ሶኬት 1 ኢንች ከ1/8 ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ለዚያ ትራፓኖ ላይ የሚገጠም ሆል ሶው (ክብ ቀዳዳ የሚቆርጥ መጋዝ) ግዛ። የውጪውን ግድግዳ ግን አትብሳ። በላሚኔት የተሠራ ከሆነ ውስጡ ሙሉ በሙሉ ፎም ነው፤ ሽቦ የምታሳልፍበት ባዶ ቦታ የለውም፣ ውፍረቱም ለሶኬቱ አይበቃም። የሚመረጠው የቁምሳጥኑ ጎን ወይም የኮመዲኖው ፊት ነው። ሶኬቱ ወደ ኋላ 2 ኢንች ያህል ይገባል፤ ተርሚናሉና የሽቦው መታጠፊያ ሲጨመር 3 ኢንች ነፃ ቦታ አዘጋጅለት። ከመብሳትህ በፊት ከኋላ መሳቢያው እስከየት እንደሚገባ ለካ። ሶኬቱ ተገጥሞ ካለቀ በኋላ መሳቢያው አልዘጋም የሚልበት አጋጣሚ ብዙ ነው።

ከፍታው ከፍራሹ በላይ 4 ወይም 5 ኢንች ይሁን። ከፍራሹ እኩል ካደረግከው ብርድ ልብሱና ትራሱ ገመዱን እየጫነ አንገቱን ይሰብረዋል። ቀዳዳው ወደ ጎን ይመልከት፤ ወደ ላይ ካየ አቧራና ውሃ ይሰበስባል።

ቦታው ላይ ናስትሮ ለጥፍ፣ ምልክት አድርግ፣ መሃሉን በ1/8 ኢንች ቢት ብሳ፣ ከዚያ በሆል ሶው ቀስ እያልክ ግማሽ ድረስ ከፊት፣ ቀሪውን ከኋላ ጨርስ። እንጨቱ ላይ ያለው የወረቀት ሽፋን እንዳይላጥ የሚያደርገው ይኸው ነው። የፕላስቲኩን ዳዶ በእጅህ ብቻ አጥብቅ፤ በፒንሳ ከያዝከው ጥርሱ ይላጣል።

መጋጠሚያው ላይ ሁለት ምርጫ አለ፦ በትክክለኛው ክሪምፕ ፒንሳ የሚያዝ፣ በሙቀት የሚሸበሸብ ልባስ ያለው መገናኛ፣ ወይም ዋጎ 221 (ሽቦውን በማንሻ ቆልፎ የሚይዝ መገናኛ)። ዋጎው ብዙ ክር ያለውንም ይይዛል፣ እስከ 12 ጌጅ ድረስ፤ ሽቦውን 11 ሚሊሜትር ላጥና እስከ መጨረሻው አስገባ። ሽቦ ሳይቆረጥ ልባሱን ወግቶ የሚይዘውን ቅጽበታዊ መቀጠያ ግን ተጎታች ላይ አልመክርም። ከመንገዱ ንዝረት የተነሳ ክሩን እየቆራረጠ ይላላል፣ ከዚያ ይሞቃል። ሶኬቱ ጀርባ ላይ የሚገባው ተርሚናል የ1/4 ኢንች ነው፤ ስታስገባው ጠበቅ ማለት አለበት። በእጅ ሳብ ሲያደርጉት ከወጣ አውጥተህ በፒንሳ ትንሽ ጨፍልቀው። ሽቦውንም ከሶኬቱ አጠገብ እንጨቱ ላይ እሰረው፤ ክብደቱ ተርሚናሉ ላይ እንዳይንጠለጠል።

ተጓዥ_ኮሎራዶ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለካሁ፤ ኤሲ የለም፣ ዲሲ 13.5 ነው፣ ገመዱ ተሰክቶ። የግድግዳው ሽቦ 14 ጌጅ ነው። አንድ ችግር አለ፦ በሩ ጋ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ሲጠፋ የግራው ማንበቢያ አብሮ ይጠፋል፣ የቀኙ ግን አይጠፋም። ከግራው ከቀጠልኩ መብራት ሳጠፋ ስልኩም መሙላት ያቆማል ማለት ነው?

ሽቦና_ፊውዝ

አዎ፣ ያቆማል። የግራው ከማብሪያው በኋላ ነው የተወሰደው፤ የቀኙ ፖዘቲቭ ግን ሁልጊዜ አለ። ሁለቱንም ሶኬት ከቀኙ ውሰድ። ከቀኙ መብራት ወደ ግራው ኮመዲኖ በአልጋው ራስጌ ሥር ሽቦ ማሳለፍ ይቻላል፤ አልጋው ተነስቶ ዕቃ የሚቀመጥበት ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሥራው በጣም ይቀላል። ሽቦው የአልጋው ማጠፊያና ማንሻ እንዳይቆነጥጠው በጠርዙ በኩል አሳልፈው፤ እንጨት ወይ ብረት በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ የጎማ ቀለበት አድርግለት። የተላጠ ሽቦ ብረት ከነካ ኮንታክት የሚፈጥረው እዚያ ጋ ነው። ወደ ግራ የሚሄደው ቁራጭ በ14 ጌጅ ይሁን።

ሚሚ_ቴክሳስ

ይቅርታ፣ እኔም ልጠይቅ። ያለውን የ120 ቮልት ሶኬት አውጥቶ ዩኤስቢ ባለው መተካት አይቀልም? ወይም ኢንቨርተር ማድረግ?

ሽቦና_ፊውዝ

እህቴ፣ ሁልጊዜ መብራት ያለበት ካምፕ ለሚያርፍ ሰው መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን መግጠሙ ከሚታየው ይከብዳል። የካምፐሩ ሶኬት ብዙ ጊዜ ሳጥን የለውም፤ ሽቦውን በራሱ ጥርስ እየነከሰ የሚይዝ ጠፍጣፋ ዓይነት ነው። ለቤት የተሠራው ባለ ዩኤስቢ ሶኬት ደግሞ ወፍራም ስለሆነ ሳጥን ይፈልጋል፣ ግድግዳው ደግሞ ለሳጥኑ ጥልቀት የለውም። የ120 ቮልት መጋጠሚያ ያለ ሳጥን ግድግዳ ውስጥ መተው አይፈቀድም።

ኢንቨርተሩ ለስልክ ብቻ ብክነት ነው። 12 ቮልት ወደ 120 ይወጣል፣ ቻርጀሩ ደግሞ ወደ 5 ያወርደዋል፤ ሁለቱም ላይ ኃይል ይባክናል፣ ኢንቨርተሩም ምንም ሳይሰካበት መሳቡን አይተውም።

ብርሃን_በመንገድ

ሶኬት ሲገዛ መታየት ያለበትን ማንም አላነሳውም።

አንደኛ፣ ማጥፊያ ያለው ይሁን። ቮልት የሚያሳይ ቁጥርና ሰማያዊ መብራት ያለው ሶኬት ቀንና ሌሊት 15 ሚሊአምፔር ያህል ሊስብ ይችላል። ትንሽ ይመስላል፤ በወር ግን ለአንዱ 11 አምፔር-ሰዓት ገደማ፣ ለሁለቱ 22 ነው። ግሩፕ 24 ሊድ አሲድ ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጠው ከ35 እስከ 40 ብቻ ስለሆነ፣ ክረምቱን ቆሞ የሚከርም ካምፐር ባትሪውን በዚህ ብቻ ሊጨርስ ይችላል። መብራቱ ደግሞ አልጋ አጠገብ እንቅልፍ ይነሳል። በአንጻሩ ስልኩ ራሱ ብዙ አይበላም፤ ከባዶ እስከ ሙሉ 1.5 አምፔር-ሰዓት ገደማ ነው። ላፕቶፑ 6 ያህል ይወስዳል።

ሁለተኛ፣ የተጻፈው ዋት የእያንዳንዱ ቀዳዳ ነው ወይስ የሁለቱ ድምር? ርካሾቹ ትልቁን ቁጥር ፊት ላይ ይጽፉና ሁለተኛው ሲሰካ ሁለቱንም ወደ 5 ቮልት ያወርዳሉ። ለላፕቶፑ የምትገዛው ዩኤስቢ-ሲ ፒዲ (ቮልቱን ከፍ አድርጎ በፍጥነት የሚሞላው ዓይነት) 65 ዋት በአንድ ቀዳዳ ብቻ እንደሚሰጥ፣ 20 ቮልትም እንደሚያወጣ አረጋግጥ።

ሦስተኛ፣ የሚቀበለው ቮልቴጅ ከ12 እስከ 24 የሚል ይሁን። ወደፊት ሊቲየም ባትሪ ብታስገባ ሲሞላ እስከ 14.6 ይወጣል።

ከገጠምክ በኋላ ቴሌቪዥኑን በአንቴና ከፍተህ ስልክ ስካ። ጣቢያ ከጠፋ ወይ ሬዲዮው ካፏጨ፣ ከሶኬቱ የሚወጣ የኤሌክትሪክ ረብሻ ነው። ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን አብረህ ጠምዝዛቸው፣ ከሶኬቱ አጠገብም ሁለቱን በአንድ ፌራይት ቀለበት (ረብሻ የሚያፍን ማግኔታዊ ቀለበት) ውስጥ አሳልፋቸው፤ ሽቦውንም ከአንቴናው ገመድ አርቀው። ያም ካልበቃ ሶኬቱን መልሰህ በሌላ መቀየር ነው፤ ውስጡ ያለውን ከውጭ ማስተካከል አይቻልም።