በሂፕ ሆፕ ብዙ የተሸጠ ሁሉ ጥበቡ የሳሳ ነውን?

ስንኝ ፈቺ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ራፕን እንደ እኔው ከልቡ የሚወድ ባልደረባ አለኝ፤ በዚህ አንድ ጉዳይ ላይ ግን ከያዝነው ክርክር መውጣት አልቻልንም። እርሱ «ገበያ የሂፕ ሆፕን ጥበብ አምክኖታል» ባይ በመሆኑ፣ አንድ ዘፈን የሰንጠረዥ አናት ላይ መውጣቱን ከሰማ ግጥሙን እንኳ ሳያዳምጥ ይፈርድበታል። ፍርዱ ልክ እንዳልሆነ ይሰማኛል፤ ሆኖም ማስረጃ ስፈልግ የማገኘው ለሁለታችንም የሚመች እየሆነ ተቸግሬአለሁ።

ለእርሱ የሚመቸው ይህ ነው (ዓመታቱን በሙሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በ1990 የወጣው የኤም ሲ ሃመር አልበም በቢልቦርድ፣ ማለትም በአሜሪካው የአልበም ሽያጭ ሰንጠረዥ፣ 21 ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል፤ ለ10 ሚሊዮን ቅጂ የሚሰጠውን ዕውቅናም አግኝቷል። በ1994 የወጣው የናስ የመጀመሪያ አልበም «ኢልማቲክ» በአንጻሩ ከ12ኛ ደረጃ ጀምሮ የአንድ ሚሊዮን ቅጂ ዕውቅና ላይ የደረሰው በ2001 ነው። ዛሬ ግጥም መጻፍ የሚለማመድ ራፐር ስንኝ በስንኝ እየፈታ የሚያጠናው የትኛውን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ለእኔ የሚመቹት ደግሞ የሎሪን ሂል የ1998 አልበምና የአውትካስት የ2003 ድርብ አልበም ናቸው፤ ሁለቱም በሚሊዮኖች ተሸጠዋል፣ ሁለቱም የግራሚን የዓመቱ ምርጥ አልበም ሽልማት ወስደዋል፣ የሁለቱንም ጥበብ አጥብቆ የሚጠራጠር ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። እንግዲህ በሽያጭና በጥራት መካከል በእርግጥ ግንኙነት አለን? ካለስ ገበያው ወደ ዘፈኑ የሚገባው በየትኛው በር ነው?

የሸክላ ወዳጅ፦

ባልደረባዎ ገበያን ከውጭ እንደ መጣ ወራሪ የሚያዩት ይመስለኛል፤ ታሪኩ ግን እንዲያ አይልም። ሂፕ ሆፕ ተወለደበት የሚባለው የኦገስት 11 ቀን 1973 የኒው ዮርኩ ብሮንክስ ሠፈር ድግስ፣ ዲጄ ኩል ኸርክ ሸክላውን ያጫወተበት ያ ምሽት፣ የመግቢያ ክፍያ ነበረው፤ ለሴቶች 25 ሳንቲም፣ ለወንዶች 50 ሳንቲም። ድግሱን ያሰናዳችው እህቱ ሲንዲ ካምቤል ለትምህርት መክፈቻ የሚሆን የልብስ መግዣ ትፈልግ ነበር። ንጹሕ የነበረ፣ ኋላ ላይ ገንዘብ ያበላሸው ዘመን ፈልጌ አላገኘሁም።

ይልቅ የሚያስተምረን ከዚያ ቀጥሎ የሆነው ነው። በ1979 አሳታሚዋ ሲልቪያ ሮቢንሰን ሹገርሂል ጋንግ የተባለውን ቡድን አሰባስባ «ራፐርስ ዲላይት»ን አወጣች፤ ራፕን ከየሠፈሩ ድግስ አውጥቶ በመላው ዓለም ያሰማው ይህ ሸክላ ነው። ከቡድኑ አባላት አንዱ የሆነው ቢግ ባንክ ሃንክ ያዜማቸው ስንኞች ግን ግራንድማስተር ካዝ የተባለው ራፐር የጻፋቸው ነበሩ። ዘፈኑን እንደገና ያዳምጡት፤ ሃንክ ራሱን ሲያስተዋውቅ ፊደል እየቆጠረ የሚጠራው ስም የራሱ ሳይሆን የካዝ መጠሪያ የነበረው «ካሳኖቫ» ነው። የሌላውን ሰው ግጥም ስሙን እንኳ ሳይፍቅ ቀዳው። ካዝ በደራሲነት አልተመዘገበም። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ያመኛል፤ ነገር ግን በደሉ ምን እንደሆነ በትክክል እንለይ። ገበያው የወሰደው መናኛ ግጥም አልነበረም፤ ጥሩ ግጥም ወስዶ ባለቤቱን በሩ ላይ ትቶ ሄደ።

በ1982 ደግሞ ይህችው ሮቢንሰን፣ በዚሁ ማሳተሚያ ቤቷ፣ «ዘ ሜሴጅ» የተባለው ዘፈን እንዲቀረጽ ግፊት አደረገች። የከተማ ድህነትን እንዲያ ፊት ለፊት የተረከ ራፕ ከዚያ በፊት ያን ያህል አልተሰማም ነበር። ዘፈኑ በስማቸው የወጣው ግራንድማስተር ፍላሽና ጓደኞቹ የለመዱት ሰው የሚያስጨፍር ሙዚቃ በመሆኑ ዘፈኑን አልፈለጉትም፤ ከቡድኑ መካከል በሸክላው ላይ ራፕ ያደረገው ሜሊ ሜል ብቻ ሲሆን፣ አብሮት የተሰማው ዱክ ቡቲ የማሳተሚያ ቤቱ ሙዚቀኛ ነበር። እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ ለጥበቡ የቆመችው ነጋዴዋ ናት። ለባልደረባዎ መጀመሪያ ይህን ቢያሰሟቸው ደስ ይለኛል።

ቢት ሠሪ፦

በየትኛው በር ይገባል ላሉት፣ ከስቱዲዮ በኩል ያየሁትን ልንገርዎ። ገበያ «ጥራቱን ቀንስ» ብሎ አያዝም፤ የሚለውጠው ዋጋንና አቆጣጠርን ነው፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ ራሱን እያስተካከለ ይሄዳል።

ፐብሊክ ኢነሚ የተባለው የራፕ ቡድን በ1988 ያወጣውን አልበም የሚያውቅ ሰው፣ አንዱ ዘፈን ከብዙ ሸክላዎች የተቆራረጡ ድምፆች ተደራርበው እንደተሠራ ይረዳል። በ1991 መጨረሻ ላይ የኒው ዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ራፐሩ ቢዝ ማርኪ የዘፋኙን የጊልበርት ኦሱሊቫንን ዘፈን ያለ ፈቃድ ሳምፕል በማድረጉ፣ ማለትም ከሸክላው ቆርጦ በራሱ ሥራ ውስጥ በማስገባቱ፣ ወሰነበት። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዷ ቁራጭ ፈቃድና ክፍያ የምትጠይቅ በመሆኗ፣ እንደ ቀድሞው ሃያ ድምፅ መደራረብ የሚችለው አቅም ያለው ብቻ ሆነ፤ ብዙዎቻችንም አንድ ዜማ መርጠን እርሱኑ መደጋገም ያዝን። ይህ የተሰጥኦ ማነስ አይደለም፤ የሒሳብ ጉዳይ ነው።

ዛሬ ደግሞ በኢንተርኔት ሙዚቃ ማዳመጫው በስፖቲፋይ አንድ ዘፈን እንደተደመጠ የሚቆጠረው 30 ሴኮንድ ሲሞላው ነው። አንድ ጊዜ ለአንድ ራፐር በደቂቃ 90 ምት የሚሄድ ቢት፣ ማለትም ራፕ የሚደረግበትን ሙዚቃ፣ ሠራሁለት፤ መግቢያው ስምንት ባር ነበር። በእያንዳንዱ ባር አራት ምት ስላለ በድምሩ 32 ምት፣ ማለትም 21 ሴኮንድ ገደማ ይሆናል። በእነዚያ 21 ሴኮንዶች ውስጥ ከፒያኖ በቀር ምንም አይሰማም፤ ወፍራሙ የቤዝ ድምፅ የሚገባው ከራፐሩ የመጀመሪያ ቃል ጋር በመሆኑ፣ ቃሉ ከመሬት በታች የወጣ ያህል ይከብድ ነበር። ሥራውን የሚያከፋፍለው ወገን አድማጩ 30 ሴኮንዱ ሳይሞላ እንዳይዘልለው ብሎ መግቢያው ተቆርጦ አዝማቹ ከፊት እንዲመጣ ጠየቀ፤ እኔም እሺ ብዬ ቆረጥሁት። ከቃሉ አንድ ፊደል አልተነካም፤ ሆኖም የሚጠብቀው ዝምታ ስለሌለ ክብደቱ ጠፋ። የባልደረባዎ ቅሬታ እውነት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

መስመር ጠባቂ፦

ከላይ የተጻፈውን በአክብሮት አንብቤአለሁ፤ ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በቆጠራና በሕግ ላይ ማላከክ አርቲስቱን ከኃላፊነት ነጻ ያወጣዋል። ጄይ ዚ በ2003 አልበሙ ላይ፣ ገንዘቡን በእጥፍ ለማሳደግ ሲል ግጥሙን ለአድማጩ እንዳቀለለ በግልጽ ተናግሯል፤ ችሎታ ቢሸጥ ኖሮ በግጥም ችሎታው እንደሚታወቀው ራፐር እንደ ታሊብ ክዌሊ ይጽፍ እንደነበርም አክሏል። ማንም እጁን አልጠመዘዘውም፤ አስቦ የመረጠው መንገድ ነው። የቻለ ሰው ሆን ብሎ ሰሙን ብቻ ሰጥቶ ወርቁን ሲያስቀርብን፣ እኔ እንደ አድማጭ ቅር የመሰኘት መብት አለኝ።

ይህን ብዬ ግን «አንደኛ ስለወጣ መናኛ ነው» ከሚል ፍርድ ጋር አልተባበርም። በ1991 ቢልቦርድ የመደብሮችን የቃል ሪፖርት ትቶ በሸቀጥ መለያ መስመር ሽያጭን መቁጠር እንደጀመረ፣ ብዙም ሳይቆይ ኤን ደብሊው ኤ የተባለው የራፕ ቡድን አልበም አንደኛ ወጣ። አድማጩ ቀድሞውንም ነበረ፤ የሚቆጥረው ነው ያልነበረው። የራፐሩ የኬንድሪክ ላማር አልበም «ዳም» በ2017 በሰንጠረዡ አናት ላይ ተቀምጦ፣ በ2018 ለሙዚቃ የሚሰጠውን የፑሊትዘር ሽልማት አሸነፈ፤ ከክላሲካልና ከጃዝ ውጭ ይህን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ስለዚህ ባልደረባዎን የምጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመፍረዳቸው በፊት የአንዱን ዘፈን ሁለተኛ አንጓ እስከ መጨረሻው ያዳምጡ። ለገበያ ብቻ የሚጽፍ ሰው ጉልበቱን አዝማቹና የመጀመሪያው አንጓ ላይ ጨርሶ፣ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ የተናገረውን ይደግማል፤ የሚያስብ ጸሐፊ ግን ነገሩን የሚያዞረው እዚያ ላይ ነው።

ስንኝ ፈቺ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በሁለታችንም ክርክር ውስጥ የነበረው ስሕተት አሁን ታየኝ፤ እርሱም እኔም የአልበም ሽያጭ እየቆጠርን ነበር እንጂ፣ ከዘፈኑ ውስጥ የትኛው ክፍል ለምን እንደተለወጠ አንድም ቀን አልተጠያየቅንም። በመጪው ቅዳሜ የ1979ኙንና የ1982ቱን ሸክላ አከታትለን እናዳምጣለን፤ አሳታሚዋ አንድ ሰው መሆኗን የምነግረው ሁለቱም ካለቁ በኋላ ነው።

ቢት ሠሪ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ባለ 21 ሴኮንድ መግቢያው ቅጂ አሁንም በእጅዎ አለ?

ቢት ሠሪ፦

አለ። ራፐሩ መድረክ ላይ ሲወጣ የሚጠቀመው እርሱኑ ነው።