የምፈልገው ሆርሞን የለም፤ ሌላ ነገር ግን አለ። ልተወው?

ሦስተኛ ዓመት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የፒኤችዲ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ሥራዬ ከሃይፖታላመስ (ሆርሞኖችን ከሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል) ፔፕታይድ፣ ማለትም አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት፣ አውጥቶ ማጥራት ነው፤ የምፈልገውም ፒቱታሪን (ከሥሩ ያለውን ዕጢ) ሆርሞን እንዲለቅ የሚያዝ ነገር ነበር። እስካሁን የለም። ከማጣሪያው ኮለም በየተራ ከሚወጡት ክፍሎች (ፍራክሽኖች) በ23ኛውና በ24ኛው ላይ ግን ሌላ ነገር አየሁ፦ ሴሎቹ ሆርሞን አይለቁም፣ ውስጣቸው ያለው ካልሲየም ግን ወዲያው ከፍ ይላል። አራት ጊዜ ሞከርኩት። ሦስቴ ሠራ፣ በአራተኛው ምንም አልታየም። አማካሪዬ «ቆሻሻ ነው፣ ተይውና ወደ ሥራሽ ተመለሽ» አሉኝ። ሌሊት ሌሊት እሱን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። እንዲህ ባለ ነገር ላይ የምርምር ሕይወቱን የገነባ ሰው አለ? ወይስ ራሴን እያታለልኩ ነው?

ፒፔት፦
እህቴ፣ እኔ ከአማካሪሽ ጋር ነኝ። የቀረሽ ጊዜ አጭር ነው። መጀመሪያ መመረቂያሽን ጨርሺ፣ እሱ የትም አይሄድብሽም።

ጡረተኛ ተመራማሪ፦
የትም አይሄድም የሚለው ላይ አልስማማም፤ ፔፕታይድ ይሄዳል። ወደዚያ እመለሳለሁ።

ልጄ፣ ለጥያቄሽ መልሱ «አዎ፣ አለ» ነው። ተመራማሪዋ ሱዛን ሊማን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ልክ እንዳንቺ አንድ የሃይፖታላመስ ሆርሞን ይፈልጉ ነበር፤ ፒቱታሪን ኤሲቲኤች የተባለውን ሆርሞን እንዲለቅ የሚያደርገውን። ከከብት ሃይፖታላመስ ያወጡትን ፍራክሽን ማደንዘዣ ለተሰጣት አይጥ ሲወጉ የአይጧ ምራቅ ይፈስ ጀመር። ምራቅ በማስነሳት የታወቀው አሴቲልኮሊን የተባለው ኬሚካል እንዳይሆን ሥራውን በአትሮፒን ዘግተው ሞከሩ፤ ምራቁ አልቆመም። ከዚያ ምራቁን እንደ መለኪያ ይዘው አጠሩት። ፎን ኦይለርና ጋዱም በ1931 ከፈረስ አንጎልና አንጀት አግኝተውት፣ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ 40 ዓመት ያህል «ሰብስታንስ ፒ» እየተባለ የኖረው ነገር ሆኖ ተገኘ። የ11ዱ አሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል በ1971 ታተመ።

እሱን ሲያጠሩ ደግሞ ሌላ ፍራክሽን የአይጦቹን ቆዳ አቀላ። ያንንም አልጣሉትም፤ በ1973 ከባልደረባቸው ከካራዌይ ጋር ኒውሮቴንሲን ብለው አወጡት፣ 13 አሚኖ አሲድ። መጀመሪያ የፈለጉትን ሆርሞንማ በ1981 ዋይሊ ቬልና ባልደረቦቻቸው ናቸው ያገኙት። የሰብስታንስ ፒን ሪሴፕተር (ሴል ላይ ያለውን ተቀባይ) የሚዘጋው አፕሪፒታንት የተባለው መድኃኒት ከ2003 ጀምሮ የካንሰር ሕክምና የሚወስዱ ሰዎችን ከማስመለስ ይከላከላል። (ለሕመም ማስታገሻም ይሆናል ተብሎ ብዙ ተለፍቶ አልሆነም።)

ይሁን እንጂ አማካሪሽም ያለ ምክንያት አልተናገሩም። ከቲሹው አብሮ የወጣ ኤቲፒም (የሴሎች የኃይል ሞለኪውል) ካልሲየም ይጨምራል። ሊማን አትሮፒኑን የሰጡበትን ጥንቃቄ ያህል ከአንቺም ይጠበቃል። ፍራክሽኑን ኤቲፒን በሚሰባብረው ኢንዛይም በአፓይሬዝ አክሚው፤ ውጤቱ ከጠፋ ኤቲፒ ነበርና ነገሩ እዚያ ያበቃል። ካልጠፋ ሌላውን ድርሻ ፕሮቲንና ፔፕታይድ በሚቆርጠው ኢንዛይም በፕሮኔዝ አክሚና ኢንዛይሙን አፍልተሽ ግደይው። አሁን ከጠፋ በእጅሽ ያለው ፔፕታይድ ሊሆን ይችላል። የተፈላውን ኢንዛይም ብቻውን ሴሎቹ ላይ መሞከር አትርሺ፤ በደንብ ያልሞተ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም ራሱ ካልሲየም ያስነሳልና ያሳስትሻል።

ያ ያልሠራው አራተኛው በምን ዓይነት ቱቦ ነበር? ስንት ቀንስ ቆየ?

ሦስተኛ ዓመት፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለቴ አነበብኩት። ማስታወሻ ደብተሬን አየሁ፦ በብርጭቆ ቱቦ፣ ፍሪዘር ውስጥ ዘጠኝ ቀን። ሁለት ጊዜም አቅልጬ መልሼዋለሁ። ሦስቱ የሠሩት በወጡበት ቀን የተሞከሩ ናቸው። ይህን አስቤው አላውቅም ነበር።

ጡረተኛ ተመራማሪ፦
ጠርጥሬ ነበር። መጠኑ ጥቂት ሲሆን ፔፕታይድ ከብርጭቆ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። እኔም በወጣትነቴ አሥራ አራት ወር የለፋሁበትን እንዲሁ አጥቼዋለሁ፤ የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ የዚያን ቀን ሳለቅስ አደርኩ። ከዚያ በኋላ የማስተምረውን ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ቱቦው ነው። በውስጡ ሜቲዮኒን ካለበት ደግሞ ኦክሲጅንም ያዳክመዋል፤ ሰብስታንስ ፒ መጨረሻው ሜቲዮኒን ነው።

እንግዲህ ነገ አዲስ ፍራክሽን ስታወጪ ዝቅተኛ ማጣበቅ ባላቸው የፕላስቲክ ቱቦዎች ለየአንድ ሙከራ በቂ አድርገሽ ከፋፍይው፣ አንዴ የቀለጠውን አትመልሺ። ለሴል ሙከራ በሚሆነው ላይ ጥቂት አልቡሚን (መጣበቁን የሚቀንስ ፕሮቲን) ጨምሪ፤ ለማስ ስፔክትሮሜትሪ (ሞለኪውልን በክብደቱ ለመለየት) በምታስቀምጪው ላይ ግን አትጨምሪ፣ ሁሉንም ይሸፍንብሻል። አፓይሬዙን አስቀድሚ፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ለአማካሪሽም ውጤቱን ይዘሽ ሂጂ፣ ሦስት ከአራት ብለሽ አትሂጂ።

ኤቲፒ ሆኖ ቢገኝም እዚሁ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።