የዕቅድ ውይይት፦ ውሻ ይዞ ስለመውጣት ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ የደንብ ማሻሻያ ሐሳብ

የማኅበሩ ጸሐፊ

ውድ አባላት፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ባለፈው የኮሚቴ ስብሰባ መጨረሻ ላይ የውሻ ጉዳይ ተነሥቶ ቃለ ጉባኤው ላይ «ይታይ» ተብሎ በአንድ መስመር አልፏል። እንዲህ ተብሎ የታለፈ ነገር እንደማይታይ ስለምናውቅ ጉዳዩን ያነሡት ነዋሪ ሐሳባቸውን በጽሑፍ እንዲያቀርቡ ጠይቀናል። እባካችሁ የምትጽፉት ወደ ደንብ ሊለወጥ የሚችል ይሁን። ወቀሳ ብቻ ከሆነ ለቡና ሰዓት ይቆይልን።

ብሎክ 7፣ ምድር ቤት

አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው መተላለፊያው መተላለፊያ ነው። ለእኔ ግን የመኝታ ቤቴ መስኮት ሥር ያለ መሬት ነው። ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ በመጀመሪያ የማየው እግሩን ያነሣ ውሻ ነው። ውሻውን አልወቅስም። ትናንት የሸናበትን አሽትቶ ዛሬም እዚያው መሽናት ተፈጥሮው ነው፤ ስለዚህም አንድ ጊዜ የወደደውን ግድግዳ በራሱ ፈቃድ አይተውም። ጤና አዳሜ ደርቋል። ከመስኮቱ በታች ያለው ቀለም ተልጧል። በጥቅምት በርበሬ የማሰጣበትን ቦታ ትቼዋለሁ፤ ማን ነው እዚያ የተሰጣ በርበሬ አስፈጭቶ የሚበላ? ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት ደግሞ ሽታው እንግዳ ያባርራል።

ይህን ሁሉ ፊት ለፊት ብናገር በወጣልኝ ነበር። ነገር ግን የውሻው ባለቤት አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። «እንዴት አደርሽ ልጄ» ይሉኛል፤ እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሼ» እላለሁ፤ ውሻው ግድግዳዬ ላይ ሥራውን እየሠራ እኛ እንመራረቃለን። በዚህ መካከል «ጋሼ፣ ዓይነ ምድሩን ያንሡት» የሚል አንደበት እኔ የለኝም። ደንቡ ይናገርልኝ ያልኩት ለዚህ ነው።

የማቀርበው እንዲህ ነው። ውሻ ከቤት ሲወጣ በገመድ ይታሰር። ከሕንፃ ግድግዳና ከምድር ቤት መስኮት 5 ሜትር ይራቅ። ባለቤቱ የውሻውን ዓይነ ምድር ወዲያው ያንሣ። የክትባት ማስረጃ ለማኅበሩ ይቅረብ።

ብሎክ 3፣ 4ኛ ፎቅ

ለምን እንዞራለን? ጭራሽ ይከልከል። ኮንዶሚኒየም ግቢ የለውም፤ ግቢ የሌለው ሰው ውሻ ምን ያደርግለታል?

የብሎክ 11 ተወካይ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። መኪና በመተላለፊያው እንዳይቆም ደንብ አውጥተን ነበር፤ ዛሬ እዚያ መተላለፊያ ላይ የቆሙትን መኪናዎች ሄዳችሁ እዩአቸው። ውሻ ያላቸው አባላት ጥቂት አይደሉም፤ ከልክለናል ብንል ውሻቸውን ወዴት ይወስዱታል? መንገድ ላይ ይለቁታል፤ የተለቀቀ ውሻ ደግሞ ገመድም ባለቤትም የለውም። የውኃ ቆጣሪ ሲሰረቅብን የነበረበትን ጊዜም አንርሳ፤ የዚያን ጊዜ የጮኹልን እነዚሁ ውሾች ናቸው። እኔ የእኅቴን ረቂቅ እደግፋለሁ፤ 5 ሜትር የምትለውን ግን ሜትር ይዛችሁ ወጥታችሁ ለኩ። በብሎክ 7 እና በብሎክ 8 መካከል ያለው መተላለፊያ ራሱ ያን ያህል አይሰፋም።

ብሎክ 5፣ 2ኛ ፎቅ (በሙያዬ የሕግ ባለሙያ)

ስለ መንገዱ ሌሎች ይበሉበት፤ እኔ ስለ ሥልጣን ልናገር። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ማኅበራችን መተዳደሪያ ደንብ እንዲኖረው ያደርጋል፤ ያንን ደንብ የሚያሻሽለው ጠቅላላ ጉባኤው እንጂ ኮሚቴው አይደለም። ኮሚቴው ማስታወቂያ ለጥፎ «ከዛሬ ጀምሮ ቅጣት አለ» ቢል የመጀመሪያው የተቀጣ ሰው ይከራከረንና ይረታናል።

ሌላው፣ ለጉዳት ኃላፊነት አዲስ አንቀጽ አንጻፍ፤ በሕግ አለልን። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው በድንገት አምልጦት ቢሆንም እንኳ። ስለዚህ «አመለጠኝ» የሚለው መልስ አያዋጣም።

ከሁሉም በላይ የተረሳው ተከራዩ ነው። ከነዋሪዎቻችን ብዙዎቹ ተከራዮች ናቸው፤ የማኅበሩ አባል ግን አከራዩ ነው። አከራዩ ደንቡን የኪራይ ውሉ አካል እንዲያደርግ ካላስገደድነው ረቂቁ የሚሠራው በግማሹ ሰው ላይ ብቻ ይሆናል።

ብሎክ 9፣ 1ኛ ፎቅ (ጤና ባለሙያ)

ክትባቱን በረቂቁ መጨረሻ ላይ አታስቀምጡት፤ ወደ ላይ አውጡት። በእብድ ውሻ በሽታ የሚሞት ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በሽታውን ያገኘው ከውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ከንክሻው በኋላ ሳይዘገይ ክትባቱ ከተጀመረ ግን ሰውየው ይተርፋል። ጉለሌ ያለውን ተቋም የድሮ ሰዎች «ፓስተር» እያሉ የተነከሰ ሰው ይልኩ የነበረው ለዚህ ነበር። ውሻው ከ3 ወር ዕድሜው ጀምሮ ይከተብ፤ ከዚያም በየዓመቱ ይደገም። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያህል ይጠበው፤ በቀጥታም ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ ቅጠል ቀጥቅጦ ለሚያጠጣ ሰው ጊዜውን አይስጥ። ይህን በየብሎኩ መግቢያ እንለጥፈው፤ ለዚህ የጉባኤ ውሳኔ አያስፈልግም።

ዓይነ ምድሩን በተመለከተ «ወዲያው» የሚለው ቃል አይውጣ። ከውሻ ወደ ሰው ከሚተላለፉት የሆድ ትሎች አንዱ ከውሻው ጋር የሚወጣው በእንቁላል መልክ ነው፤ እንቁላሉ አፈር ውስጥ ሳምንታት ቆይቶ ነው ሰውን የሚይዘው። በዕለቱ ከተነሣ አደጋው አብሮ ይነሣል። ከቆየ ግን ዝናብ ያሟሟዋል፣ ከአፈሩ ጋር ይደባለቃል፣ እዚያው አፈር ላይ ብይ የሚጫወተው ልጅ እጁን ሳይታጠብ ዳቦ ይቆርሳል።

ብሎክ 8፣ 3ኛ ፎቅ

እኔ ሰዓቱን ላንሣ። ለሱብሒ ስወጣ ደረጃው ሥር ውሻው ዘሎ ልብሴን ይልሳል። ባለቤቱ «አይናከስም፣ አትፍራ» ይሉኛል። እኔ መቼ ፈራሁ? በምከተለው ሥርዓት የውሻ ምራቅ የነካው ልብስ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ታጥቦ ነው የሚሰገድበት። ተመልሼ ልብስ ስለውጥ ጀመዓው ያልፈኛል። ኪዳን ለማድረስ ነጭ ለብሰው የሚወጡት እናቶችም በዚያው ሰዓት በዚያው ደረጃ ነው የሚወርዱት፤ ጥጋቸውን ይዘው ሲያልፉ አያቸዋለሁ። «በገመድ ይታሰር» የሚለው ላይ «በደረጃና በመግቢያ ላይ ገመዱ አጥሮ ይያዝ» ይጨመርልኝ። ሌላ ጥያቄ የለኝም።

ብሎክ 7፣ 2ኛ ፎቅ

እኔ ነኝ የውሻው ባለቤት። ስሜን ባትጽፉም መንደሩ ሁሉ ያውቀኛል።

ልጄ፣ ጤና አዳሙ በእኔ ውሻ መድረቁን አላውቅም ነበር። በመስኮት ሰላም ስንባባል የነበረው ይህን ሁሉ ይዘሽ ከሆነ ትዕግሥትሽ ከእኔ ይበልጣል። አሁን እኔም የማልሸሽገውን ልናገር። ሐኪም ለስኳሬ በየቀኑ በእግር እንድሄድ አዞኛል። ከሕንፃው ጀርባ ሰፊ መንገድ እንዳለ ታውቃላችሁ። በዚያ የማልሄደው የጎርፍ መውረጃው ክዳን ተሰርቆ አፉን ከፍቶ ስለተኛ ነው፤ ጎኑ ያለው መብራትም ከተቃጠለ ቆይቷል። በጨለማ እዚያ ከምገባ በልጄ መስኮት ሥር ባልፍ ይሻለኛል ብዬ ነው። ክዳኑን ማን ነበር የሚያሠራው? ማኅበሩ። በየወሩ ለምን እንደምናዋጣ ልጠይቅ?

ደግሞም የእኔ ውሻ ተከትቧል፤ ወረቀቱም አለኝ። ጥበቃዎቹ በር ላይ ፍርፋሪ የሚመግቧቸው አራት ውሾች ግን ማን ከተባቸው? ደንቡ ባለቤት ያለውን ውሻ ብቻ የሚያይ ከሆነ ጥሩ ባለቤት የሆነ ሰው ነው የሚቀጣው።

ብሎክ 3፣ 4ኛ ፎቅ

ለበሩ ውሾች መፍትሔው ቀላል ነው። ሥጋ ላይ መርዝ።

ብሎክ 9፣ 1ኛ ፎቅ (ጤና ባለሙያ)

ይህ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዳይገባ። የተመረዘ ሥጋ ውሻ ብቻ አይበላውም፤ ድመት ይበላዋል፣ ጥንብ አንሣ የውሻውን ሬሳ በልቶ ይሞታል፣ ሕፃን ያነሣዋል። አራቱ ውሾች ቢሞቱም የቆሻሻ ገንዳው እስካለ ድረስ በቦታቸው ሌሎች ይመጣሉ፤ የሚመጡት ደግሞ ያልተከተቡ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው እንዲከተቡ ነው፤ ያን ጊዜ የበሽታው መተላለፍ ይቆማል። አራቱን ማስከተብ ለማኅበሩ የሚከብድ ወጪ አይደለም።

ብሎክ 7፣ ምድር ቤት

ጋሼ፣ የክዳኑን ነገር አላሰብኩትም ነበር፤ እውነትዎን ነው። ስለዚህ ረቂቁን ልቀይር። 5 ሜትሩን ትቼዋለሁ፤ «ውሻ የሚንሸራሸርበት መንገድ የሕንፃው ጀርባ ይሁን» እንበል፤ ማኅበሩ ደግሞ ክዳኑንና መብራቱን አስቀድሞ ያሠራ። እኔ ግን ክዳኑ ሁለት በጀት ዓመት እስኪጠብቅ አልጠብቅም። እስከዚያው ጋሼ በኮሚናሉ (በጋራ መገልገያው ቤት) በኩል ዞረው አዲሱ የኮሪደር ልማት የእግረኛ መንገድ ላይ ይውጡ፤ ሌሊቱን ሙሉ መብራት አለው። እዚያ ሲሄዱ ግን ማንሻ መያዝ የግድ ነው፤ ያ መንገድ እንደ መንደራችን ዝም ብሎ የሚያሳልፍ አይደለም።

ብሎክ 2፣ 1ኛ ፎቅ

በምን እናንሣ? ፌስታል የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ጸድቋል፤ ውሻ ይዘን ወጥተን በፌስታል ልንቀጣ ነው? ቀልድ አይምሰላችሁ።

የብሎክ 11 ተወካይ

የሲሚንቶ ወረቀት አለ፤ አሮጌ ጋዜጣ አለ። ወይም ማኅበሩ ሁለት እጀታቸው የረዘመ ትንንሽ አካፋዎች ገዝቶ ከጥበቃ ቤቱ ጎን ያስቀምጥ። የበለጠ የሚያሳስበኝ ከተነሣ በኋላ የሚጣልበት ቦታ ነው። ቆሻሻ የሚሰበስቡልን ሴቶች ማዳበሪያውን በጀርባቸው ነው የሚሸከሙት፤ በወረቀት የተጠቀለለ የውሻ ዓይነ ምድር ከቤት ቆሻሻ ጋር ቀላቅለን ብንሰጣቸው ነውር ነው። ከሕንፃው ጀርባ ክዳን ያለው ለብቻው የሆነ ጉድጓድ ይቆፈር።

ብሎክ 5፣ 2ኛ ፎቅ (የሕግ ባለሙያ)

ቅጣቱስ? 500 ብር የሚል ሐሳብ በግል ደርሶኛል።

ብሎክ 7፣ 2ኛ ፎቅ

500 ብር ካላችሁ ያለው ሰው ከፍሎ ያስጸዳዳል፤ ለእሱ ቅጣት ሳይሆን ኪራይ ነው። የሌለው ተከራይ ደግሞ ይጣላችኋል። እኔን ጠይቁኝ ካላችሁ ያላነሣ ሰው እሑድ ጠዋት የጋራ መተላለፊያውን ይጥረግ። መንደርተኛው እያየው። እኔ እዚያ መጥረጊያ ይዤ ከምታይ አንድ ሺህ ብር ብከፍል እመርጣለሁ፤ ስለዚህ የሚሠራው እሱ ነው።

ብሎክ 5፣ 2ኛ ፎቅ (የሕግ ባለሙያ)

ጋሼ ያሉት ልክ ነው፤ ይሁን እንጂ ሰውን በመንደር ፊት ማዋረድ ደንብ ውስጥ ሲጻፍ አያምርም። እምቢ ያለውን በምን እናስገድደዋለን? መጀመሪያ የብሎኩ ተወካይ በቃል ይንገር፤ ሁለተኛው በጽሑፍ ይሁን፤ ሦስተኛው ላይ ገንዘብ። የጥርጊያው ሐሳብ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው በገንዘቡ ምትክ እንደ አማራጭ ይቀመጥ።

የማኅበሩ ጸሐፊ

አመሰግናለሁ። እስካሁን የተባለውን አጣጥሜ የተሻሻለውን ረቂቅ ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ። መከልከልና መመረዝ አልገቡም፤ የጠየቁት አባል በጉባኤው ላይ እጃቸውን አውጥተው ሊያቀርቡት ይችላሉ።

«1. በመንደሩ ውስጥ ውሻ የሚያሳድግ አባል ወይም ተከራይ ውሻውን በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ያስከትባል፤ ማስረጃውንም ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያሳያል። በበር አካባቢ የሚኖሩ ባለቤት አልባ ውሾችን ማኅበሩ በራሱ ወጪ ያስከትባል።

2. ውሻ ከቤት ሲወጣ በገመድ ይታሰራል፤ በደረጃና በመግቢያ ላይ ገመዱ አጥሮ ይያዛል።

3. ውሻ የሚንሸራሸረው በሕንፃዎቹ ጀርባ ባለው መንገድ ነው። ማኅበሩ ይህ አንቀጽ ከመጽናቱ በፊት የጎርፍ መውረጃውን ክዳን ያስገጥማል፣ መብራቱንም ያሠራል። እስከዚያው ውሻ ይዞ የሚወጣ ሰው በምድር ቤት መስኮቶች ሥር አያልፍም፤ በኮሚናሉ በኩል ይወጣል።

4. ባለቤቱ የውሻውን ዓይነ ምድር ወዲያው አንሥቶ ለዚሁ በተዘጋጀው ጉድጓድ ይጥላል።

5. አከራይ ይህን ደንብ የኪራይ ውሉ አካል ያደርጋል።

6. ደንቡን የተላለፈ በመጀመሪያ በቃል፣ ቀጥሎ በጽሑፍ ይነገረዋል፤ ለሦስተኛ ጊዜ ሲተላለፍ ጉባኤው የሚወስነውን ቅጣት ይከፍላል፤ ከፈለገ በምትኩ የጋራ መተላለፊያውን ያጸዳል።»

ብሎክ 8፣ 3ኛ ፎቅ

ሁለተኛው ተስማምቶኛል።

ብሎክ 7፣ ምድር ቤት

ሦስተኛው ላይ ክዳኑ የሚሠራበት ቀን ይጻፍበት። ቀን የሌለው ተስፋ ከ«ይታይ» አይለይም። ግድግዳዬንም ማን ይቀባልኛል?

ብሎክ 7፣ 2ኛ ፎቅ

ቀለሙን እኔ። ጤና አዳሙን ግን ራስሽ ትከዪ፤ የእኔ እጅ አያጸድቅም።

የማኅበሩ ጸሐፊ

ቀኑን ከሒሳብ ሹሟ ጋር ተነጋግሬ እጽፈዋለሁ፤ ቀለሙ በደንቡ አይገባም፣ በሁለታችሁ መካከል ይለቅ። የቅጣቱ መጠን ባዶ ሆኖ ወደ ጉባኤው ይቀርባል። ረቂቁ ታትሞ በየብሎኩ መግቢያ ይለጠፋል፤ ጽሑፍ ለማንበብ ለሚቸገሩ የብሎክ ተወካዮች ያንብቡላቸው። ባለፈው ጊዜ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ ተበትነናል፤ ስለዚህ እባካችሁ የማትመጡ ከሆነ ውክልናችሁን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ስጡ።