አንገቷ ላይ ጨረር ለወሰደች ልጅ የታይሮይድ ምርመራ በየስንት ጊዜ ነው?

የማራኪዋ፦ ሰላም ጎንደሮች። ታናሽ እህቴ በ15 ዓመቷ ሆጅኪን ሊምፎማ የሚባለው ካንሰር ይዟት ኬሞ ወስዳ አዲስ አበባ ደሞ አንገቷ ላይ ጨረር ተደርጎላት ተመስገን ድናለች፣ አሁን 24 ናት። ሰሞኑን ግን ብርድ ብርድ ይላታል፣ ሁሌ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል፣ ብዙም ሳትበላ ትወፍራለች፣ ፀጉሯም እየረገፈ ነው። ክሊኒክ ደም ሰጥታ ሲቢሲ የሚባለው የደም ሴል ቆጠራ ተሠራላት፣ ደም ማነስ የለም ተባልን። ጎረቤት ክረምቱ ነው ይላል፣ እኔ ግን ተመልሶባት እንዳይሆን እያልኩ ጭንቅ ውስጥ ነኝ። ምን ላስመርምራት?

ላብራቶሪስት፦ አይዞሽ እህቴ። ሲቢሲ የታይሮይድን፣ ማለት አንገት ላይ ያለውን ሆርሞን የሚያመነጭ ዕጢ፣ ነገር አያሳይም፤ ቲኤስኤች እና ፍሪ ቲፎር የሚባሉ የታይሮይድ የደም ምርመራዎች ለብቻቸው ይታዘዛሉ። አንገት ላይ ያረፈ ጨረር ታይሮይዱን ቀስ እያለ ያደክመዋል፣ ከብዙ ዓመት በኋላም ይመጣል፣ ስለዚህ ምልክት ባይኖራትም በዓመት አንዴ መታየት አለባት። ለፀጉሯ ብላ ባዮቲን ያለው ቫይታሚን ጀምራ ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን ቀድማ ታቁም፣ ውጤቱን ያዛባል።

የአዘዞዋ፦ እኔም ጨረር ወስጃለሁ። ለሐኪሙ ገና ስትገቡ አንገቷ ላይ ጨረር ወስዳለች በይው፣ ካልነገርሽው ያኔ የሆነውን በምን ያውቃል? የድሮ ወረቀቷንም ያዢ። አንገቷን በእጁ ይዳስስላት፣ እብጠት ካገኘ አልትራሳውንድ ያዛል። ትኩሳት ወይ የሌሊት ላብ ካላት ደሞ ለካንሰር ሐኪሟ ቶሎ አሳዪያት።

የማራኪዋ፦ ተባረኩልኝ። እናቴ ግን እንቅርት ከሆነ አዮዲን ያለው ጨው ይበቃታል ትላለች?

ላብራቶሪስት፦ ለአዮዲን እጥረት እማማ ልክ ናቸው፣ ጨረር የጎዳውን ግን ጨው አይመልሰውም። ሆርሞኑ ካነሰ ሐኪሙ ሌቮታይሮክሲን የሚባለውን ሆርሞኑን የሚተካ እንክብል ይጀምርላታል። ጠዋት በባዶ ሆድ በውኃ፣ ቁርስም ቡናም ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ይቆያል፣ አይረንና ካልሲየም ደሞ 4 ሰዓት ይራቅ። ከጀመረች ወይ ዶዙ ከተቀየረ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ቲኤስኤች ይደገማል።

የቀሐው፦ ጾም ላይ እስከ 9 ሰዓት ውኃ አልቀምስም ካለች ሐኪሟን አማክራ ማታ ልትውጠው ትችላለች፣ ከእራት 3 ሰዓት ቆይታ ስትተኛ። ባለቤቴ እንደዛ ነው የምታደርገው።

የአዘዞዋ፦ አንድ የረሳሁት፣ ለማርገዝ ካሰበች ቀድማ ቲኤስኤች ታሠራ፣ መድኃኒቱን ጀምራ ካረገዘች ደሞ ዶዙ መጨመር ስላለበት እንዳወቀች ወዲያው ለሐኪሟ ትንገር።