ለመንዝ መንገድ የሃይሉክስ ዲፈረንሻል፦ 4.556 ወይስ 4.875?

የመሐል ሜዳው፦
ጤና ይስጥልኝ ወንድሞቼ። አምና የገዛሁት ሃይሉክስ ፒካፕ አለኝ፤ ሞተሩ 5ኤል ናፍጣ ነው፣ ቱርቦ የለውም። ከመሐል ሜዳ ገብስና በግ ወደ ደብረ ብርሃን አመላልሳለሁ፣ በበጋ ደግሞ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት አወጣለሁ። ጎማው 205 አር 16 ነበር። ሲያልቅ ከነቸርኬው በ265/75 አር 16 ቀየርኩት። መኪናው ከፍ አለልኝ፣ ሆዱ ድንጋይ አይነካም፤ ጉልበቱ ግን ጠፋ። አሥር ኩንታል ይዤ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ስወጣ ድሮ በሦስተኛ የምወጣውን አሁን በሁለተኛም ሞተሩ እያቃሰተ ነው። ዳገት ላይ ቆሜ ስነሣ ፍሪሲዮኑ ይሸታል።

ደብረ ብርሃን አንድ ጋራዥ የኋላውን ዲፈረንሻል ከፍተው ጥርሱን ቆጠሩልኝ፤ ትልቁ ጥርስ፣ ኮሮናው 41፣ ትንሹ፣ ፒኞኑ 9፤ 41 ለ9 ሲካፈል 4.556 ማለት ነው። «በ4.875 እንቀይርልህ፣ የኋላው ብቻ ይበቃሃል» አሉኝ። ሌላ ሰው ደግሞ ሎክ ያለው (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አንድ ላይ የሚያስር) ያገለገለ ዲፈረንሻል ከሶማሌ ተራ ላምጣልህ ይለኛል። ሁለቱንም ለማድረግ አቅሜ አይፈቅድም፤ የቱ ይቅደም? ደግሞ ፎር ዊል ሳስገባ መሪው ይከብዳል፣ መኪናው ይንቀጠቀጣል። ይሄ ግን ስገዛውም ነበረ፣ ከጎማው ጋር የተያያዘ አይመስለኝም።

የዓለም ከተማ ሾፌር፦
ዲፈረንሻሉን አትንካ፣ ወደ ድሮው ጎማ ተመለስ። የጀማን ቁልቁለት ስንት ዓመት በትንሽ ጎማ ወርደን ወጥተናል። ትልቅ ጎማ ፍሬኑንም ያደክመዋል።

የደብረ ብርሃን መካኒክ፦
የዓለም ከተማው ወንድማችን እውነቱን ነው፤ ጎማውን ሸጦ መመለስ ከሁሉም ይረክሳል። የመንዝን ድንጋይ ግን አውቀዋለሁ፣ ከፍታውን ለምን እንደፈለግኸው ይገባኛል። እስቲ ስሌቱን እንየው።

የድሮው ጎማህ ቁመት 742 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ አዲሱ 804፤ በ8 በመቶ ይበልጣል። ጎማ ባደገ ቁጥር ማርሹ በሙሉ ይቀልልብሃል፣ ጉልበት ያጣል፤ 4.556 የነበረው አሁን የሚሠራልህ እንደ 4.2 ነው። የድሮውን ጉልበት ለመመለስ 4.93 ያስፈልግሃል። 39 በ8 የሆነው 4.875 ከዚያ የሚያንሰው በ1 በመቶ ብቻ ስለሆነ ጋራዡ ቁጥሩን አልሳተም።

ከፍታውንም አስብበት። ጣርማበር ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ሞተሩ የሚስበው አየር በባሕር ጠለል ከሚስበው ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው፤ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። ቆላ ለሚነዳ ሰው ያለህ ሊበቃው ይችላል፣ ለእኛ ግን አይበቃም። እኔን ደግሞ ከዳገቱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ቁልቁለቱ ነው። ከጣርማበር ሸዋ ሮቢት እስክትደርስ ከ1700 ሜትር በላይ ትወርዳለህ። ጭነት ይዘህ በማርሽ ያልያዝከውን መኪና በፍሬን ልትይዘው ነው፣ ፍሬን ደግሞ ሲግል ይከዳል። በወጣትነቴ ከደብረ ሲና በላይ ፍሬኑ እምቢ ብሎኝ መኪናውን ከገመገሙ ጋር እያፋተግሁ ነው ያቆምኩት። ዛሬም ያቺን መታጠፊያ ሳልፍ መሪውን ጨብጬ ነው። ከበድ ያለ፣ ቁጥሩ ከፍ ያለ ዲፈረንሻል በሁለተኛ ማርሽ መኪናውን አንቆ ይይዝልሃል።

«የኋላው ብቻ» የሚለው ላይ ግን አልስማማም። ፎር ዊል ስታስገባ የፊቱና የኋላው ትራንስሚሽን (ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ) እኩል ነው የሚዞሩት። አንዱ ዲፈረንሻል 4.556፣ ሌላው 4.875 ከሆነ የፊትና የኋላ ጎማ በ7 በመቶ ይለያዩና እርስ በርስ ይታገላሉ፤ መሪ ይከብዳል፣ መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ውሎ አድሮ የካምቢዮው ጥርስ ይሰበራል። ደረቅ አስፋልት ላይ ስትታጠፍ መሪ መክበዱ የፎር ዊል ጠባይ ነው። ያንተ ግን ቀጥ ባለ መንገድም ከሆነ፣ የጻፍከው ምልክት ይሄው ነው። የፊቱን ጥርስ የቆጠረ ሰው አለ?

ሳትከፍት መቁጠር ትችላለህ። ሜዳ ላይ አቁም፣ የእጅ ፍሬን ሳብ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፍ። ፎር ዊሉን አውጣና የሁለቱንም የፊት ጎማ ፍሪዊል (ጎማውን ከአክስሉ ጋር የሚያያይዘውን) ቆልፍ። አንዱን የፊት ጎማ ብቻ በክሪክ አንሣና 20 ጊዜ አዙረው፤ ጓደኛህ የፊቱን ትራንስሚሽን ዙር ይቁጠር። አንድ ጎማ ብቻ ሲዞር ኮሮናው የሚዞረው ግማሹን፣ 10 ጊዜ ነው። 45 ተኩል ገደማ ከሆነ 4.556 ነው፣ 49 ሊሞላ ትንሽ ከጎደለው 4.875።

የጅሩ ልጅ፦
ስለ ሎኩ እኔ ልናገር፣ የምነዳው እነዋሪ ዋልካ ላይ ነው። አንዱ ጎማ አየር ላይ ሲቀር ሎክ ያወጣሃል፣ አልክድም። ክረምት ላይ ዋልካው ጎማውን ከለሰነው ግን ሁሉም አብረው ይንሸራተታሉ። በጎን ባዘመመ መንገድ ደግሞ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች አንድ ላይ ሲሄዱ የመኪናው ጅራት ወደ ገደሉ ይሳባል። እኔ ማርሹን አስቀድሜ ነበር፣ ሎኩ ይደርሳል።

የመሐል ሜዳው፦
ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት ከወንድሜ ጋር እንዳሉኝ ቆጠርን፣ ላለመሳሳት ሁለት ጊዜ ደገምነው። ከ49 ትንሽ ጎደለ! የፊቱ 4.875 ነው ማለት ነው። ከእኔ በፊት የነዳው ሰው አንዱን ቀይሮታል። ስንት ጊዜ ጓሳ ጭቃ ላይ ፎር ዊል አስገብቼ እንዳሰቃየሁት ሳስብ ሆዴ ባባ። አሁን እንግዲህ የኋላው ብቻ መቀየሩ ትክክል ሆነ። ጥርሱን ስገዛ ምን ልይ?

የደብረ ብርሃን መካኒክ፦
እሰይ፣ ወጪህ በግማሽ ቀነሰ። ኮሮናና ፒኞን አብረው የተወለዱ ናቸው፤ ከአንዱ መኪና ኮሮና ከሌላው ፒኞን አትቀበል፣ ይጮሃል፣ ከዚያም ይበላል። ኩሽኔታዎቹን አዲስ አድርግ። ሲገጠም በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ0.13 እስከ 0.18 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ በዓይን ግምት የሚሠራ ሰው እጅ እንዳትሰጠው፣ በመለኪያ ይለካ፣ ቀለም ቀብቶ የጥርሱን ንክኪ ያሳይህ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ባዶውን ንዳው፣ 1000 ኪሎ ሜትር ላይ ዘይቱን ቀይር። የኋላው እስኪቀየር ድረስ ፎር ዊሉን አታስገባ። ከመክፈልህ በፊት ግን የጥርሱን ፎቶ እዚህ ለጥፍልኝ፣ ፊቱን ልየው።