ከወሊድ በኋላ ደም መፍሰስ፦ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሪፈር ከመጻፉ በፊት

ቦርከና፦
ሰላም ባልደረቦች። ኮምቦልቻ ዙሪያ ላሉ አዋላጆች ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ገጽ እያዘጋጀን ነው። ደሙን በዓይን መገመት አይበቃም ከተባለ በምን እንለካ? ስንት ሲደርስ ሕክምና ይጀመር? እናትየዋ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት ከመውጣቷ በፊትስ ምን ምን ይሰጣት? አንድ ነገር ልጨምር፦ አሜሪካ ሆስፒታሉ ሞልቶ ሳለ ጥቁር እናቶች ይበልጥ የሚሞቱት ለምንድን ነው? ለእኛ የሚሆን ነገር ካለው ገጹ ላይ ይግባ።

ጦሳ፦
የዓይን ግምት የሚሳሳተው ወደ ታች ነው፤ ደሙ በበዛ ቁጥር ስህተቱም ይሰፋል። መስመር ያለው የደም መሰብሰቢያ ፕላስቲክ ካላችሁ ልጁ እንደወጣ ከሥሯ ይነጠፍ። ቀድሞ ከተነጠፈ የሽርት ውሃ ገብቶ ልኩን ያበላሸዋል። ከሌላችሁ የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል፤ 1 ግራም ደም 1 ሚሊ ሊትር ነው ብላችሁ ያዙ። ጨርቁና ጋውዙ ደርቆ 180 ግራም ከነበረ፣ አሁን 640 ከመዘነ፣ 460 ሚሊ ሊትር ፈሷል ማለት ነው። የደረቁን ክብደት አስቀድማችሁ ጻፉት፤ በጭንቅ ሰዓት ማንም አይመዝነውም።

500 ሚሊ ሊትር እስኪሞላ አትጠብቁ። 300 ላይ ሆኖ የልብ ምቷ ከ100 በላይ ከሆነ፣ ወይም የላይኛው ግፊት ከ100 በታች ወይም የታችኛው ከ60 በታች ከወረደ ይጀመር። በቃል ለመያዝ የሚቀለው፦ የልብ ምቱ ቁጥር የላይኛውን ግፊት ከበለጠ ቆሞ ማየት የለም።

ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ይሄዳል። "ማህፀን ማሸቱ ካልሠራ ኦክሲቶሲን (ማህፀኑን የሚያኮማትረው መድኃኒት)፣ እሱም ካልሠራ…" እየተባለ ተራ ሲጠበቅ ነው እናት የምታልፈው። ማህፀኑ እየታሸ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ከ200 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ሳላይን (በደም ሥር የሚሰጥ የጨው ውሃ) ውስጥ በ10 ደቂቃ፤ ቀጥሎ 20 ዩኒት በ1 ሊትር ለ4 ሰዓት። የረጋው ደም እንዳይሟሟ የሚያደርገው ትራኔክሳሚክ አሲድ 1 ግራም በደም ሥር፣ በ10 ደቂቃ ቀስ ተብሎ፤ ከወለደች 3 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም። ሽንቷ በካቴተር (በቀጭን ቱቦ) ይውጣ፤ የሞላ ፊኛ ማህፀኑን እንዳይኮማተር ያደርገዋል። እንግዴ ልጁ ሙሉ መሆኑ ይታይ። ማህፀኑ ጠጥሮ ደሙ አሁንም ከፈሰሰ ግን ማሸቱ አይጠቅምም፣ የተቀደደ ቦታ ፈልጉ።

የመድኃኒት ሳጥን፦
ጦሳ ያለው ሁሉ የሚሠራው ኦክሲቶሲኑ በሕይወት ካለ ነው! ማከማቻው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ ይሞቃል፤ መብራት ሲጠፋም ፍሪጁ ዝም ብሎ ይሞቃል። የተበላሸ ኦክሲቶሲን ቀለሙ አይለወጥም፣ በዓይን አይለይም። ከክትባቱ ጋር አስቀምጡት፣ ቴርሞሜትሩን በቀን ሁለቴ እያነበባችሁ መዝግቡ፣ ማዋለጃ ክፍል ትሪ ላይ የቀን ሙሉውን አታውጡ። ጨርሶ ከሌለ ወይም ከተጠራጠራችሁ ሚሶፕሮስቶል (ማህፀን የሚያኮማትር ክኒን) 800 ማይክሮ ግራም ከምላስ ሥር። እሱ ሙቀቱን ይችላል፣ የሚጠላው እርጥበት ነው፤ እስኪሰጥ ድረስ ከማሸጊያው አይውጣ። ሌላው የማህፀን ማኮማተሪያ ኤርጎሜትሪን ደም ግፊት ላለባት እናት ፈጽሞ አይሰጥም።

ሐረጎ፦
የአሜሪካውን ልመልስ። በ2023 ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር የጥቁር እናቶች ሞት 50.3፣ የነጮቹ 14.5 ነበር። መሣሪያ ጠፍቶ ብቻ አይደለም፣ "አመመኝ" ስትል የማይሰማት አለ። የቴኒስ ተጫዋቿ ሴሬና ዊሊያምስ በ2017 በቀዶ ሕክምና ከወለደች በኋላ የሳንባ ምርመራ ይደረግልኝ ብላ ራሷ ነው የወተወተችው፤ ሳንባዋ ውስጥ የረጋ ደም ተገኘ። ለእናንተ ገጽ የሚሆነው ይሄ ነው፦ "ዞረኝ፣ ጠማኝ፣ ጨነቀኝ" ካለች የልብ ምቷን ወዲያው ቁጠሩ። የወጣት እናት ግፊት የሚወድቀው ዘግይቶ ነው። መገርጣቷን ከፊቷ ሳይሆን ከታችኛው የዓይን ሽፋን ውስጥና ከመዳፏ እዩ። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም በጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል።

ለመንገዱ፦ ደም ሥር ውስጥ የሚገቡ ሁለት ወፍራም ካኑላ (ቁጥር 16 ወይም 18)፣ የሚወርድ ፈሳሽ፣ ብርድ ልብስ፣ አብራ የምትሄድ አዋላጅ። ደም መለገስ የሚችል ዘመድ ይሳፈር። አምቡላንሱ ከመነሳቱ በፊት ደሴ ይደወል። የሪፈር ወረቀቱ ላይ የወለደችበት ሰዓት፣ የፈሰሰው መጠንና ትራኔክሳሚክ አሲዱ የተሰጠበት ሰዓት በጉልህ ይጻፍ፤ ደሙ ከ30 ደቂቃ በኋላም ካላቆመ ሁለተኛውን 1 ግራም የሚወስነው ተቀባዩ ያንን አይቶ ነው።