እንግሊዝኛ መማሬ ከአባቴ ጋር እያራራቀኝ ነው፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ፣ ሦስተኛ ዓመት። ጨንቆኝ ነው የምጽፈው።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስለተማርኩ ዲፓርትመንቱ ብዙም አዲስ አይሆንብኝም ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። እዚህ ድርሰት ስንጽፍ ዋናው ሐሳብ መግቢያው ላይ ቁልጭ ብሎ ካልተቀመጠ ነጥብ ይቀነሳል። "ለምን? ማስረጃሽስ?" መባሉን ለመድኩት። ወደድኩትም፣ እውነቴን ነው።

ችግሩ ቤት ስገባ ነው። የኛ ሰው ነገር የሚጀምረው ከዙሪያው ነው፣ ሰምና ወርቅ ያደገበት አገር አይደል። ለፋሲካ ሄጄ፣ ለእህቴ ሽማግሌ ተልኮ ቤቱ ሞልቶ፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ገና ሳይቀዳ፣ "እሷን ጠይቃችኋታል ወይ?" አልኩ። ቤቱ ጭጭ አለ። እናቴ ረከቦቱ ላይ አቀርቅራ ስኒ መደርደር ጀመረች። ማታ አባቴ "አንቺ ልጅ፣ ፈረንጅ ሆንሽብኝ" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስደውል ስልኩን ለእናቴ ነው የሚያቀብላት።

ጥያቄው ስህተት ነው ብዬ አላምንም። እህቴም በኋላ አቅፋኛለች። አጠያየቄ ግን ያሳስበኛል። በእንግሊዝኛ ለአባትም ለጓደኛም መጥሪያው አንድ ቃል ነው፣ በአማርኛ ግን "እርስዎ" እያሉ ሽማግሌ ፊት መከራከር ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ እኔ ደግሞ እሱን የሚያስተምረኝ አላገኘሁም።

ቋንቋ የተማራችሁ፣ እናንተ ከቤተሰብ ጋር እንዴት አስታረቃችሁት? ሰው ልላክበት ወይስ ደብዳቤ ልጻፍለት? ደብዳቤውን ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴም ቀድጄዋለሁ።